ከመስመሩ የወጣችው ነጥብ

መስከረም 12 ቀን 1931፣ ሐሙስ

ሰማዩ ዛሬስ ይበራ ይሆን? በዚህ በደብረ ታቦር በሩን ከመክፈቱ በፊት ይህን ያልጠየቀ ሰው አለ? እማዬ ጌሾዋን ልታሰጣ ትጠይቃለች። ነጋዴው ዑመር በቅሎዎቹን ልጫን አልጫን እያለ ይጠይቃል። እኔም እጠይቃለሁ... ልዩነቱ እኔ ስለጠየቅሁ ቀለብ ይሰፈርልኛል።

የያዝኩት ሥራ ይኸው ነው። ጣሊያኖች ከምሽጋቸው በላይ ባለችው ጉብታ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ሠርተዋል። ጠዋት ጠዋት እዚያ እወጣለሁ። የሌሊቱን ብርድ ከቴርሞሜትሩ አንብቤ በአንድ ወረቀት እጽፋለሁ። ከዚያ ፊቴን ወደ ጉና ተራራ አዞራለሁ። ተሸፍናለች? ተገልጣለች? ጭጋጉ በስንት ሰዓት ተነሣ? ይኼን በሌላ ወረቀት። በመጨረሻ የጭጋጉን ሰዓት በጥቃቅን አራት ማዕዘን በተሸነሸነ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ እተክለዋለሁ። ቀኑ ወደ ጎን፣ ሰዓቱ ወደ ላይ። ነጥቦቹ ሲበዙ በመካከላቸው መስመር ይወጣል።

ይህን መስመር እወደዋለሁ። አዲስ አበባ ተማሪ ቤት ሳለን በክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥለን ውዝዋዜውን እየቆጠርን እንዲሁ ነጥብ እንተክል ነበር። ቁጥሩ ሲጻፍ ዝብርቅርቅ ያለ ነው፤ በነጥብ ሲተከል ግን የተቃና መንገድ ይሆናል። መምህራችን "ተፈጥሮ እጅ ጽሑፏ ያምራል" ይሉ ነበር። አብረውኝ ከቆጠሩት ልጆች ብዙዎቹን ያ የየካቲት እልቂት በላቸው። እኔ አመለጥኩ። አገሬ ገብቼ የምስክር ወረቀቴን ከእማዬ ጎታ ሥር ቀበርኩት። ከዚያ ወዲህ ቁጥር የነካሁት አሁን ነው።

ሹሜ ብሩኖ የሚባል ሰርጀንቴ፣ እንደኛ ሃምሳ አለቃ፣ ነው። በፈረንሳይኛ እንግባባለን፤ የእሱም የእኔም ሰባራ ነው። ንጹሕ ወረቀት ይወዳል። ትናንት ትከሻዬን ቸብ አድርጎ "እጅህ ጥሩ ነው" አለኝ።

ደስ አለኝ። ለጠላት እየሠሩ ደስ መሰኘት... እንጃ።

መስከረም 19፣ ሐሙስ

ዑመር ከጉና ወርዶ መጣ። ጨውና አቡጀዴ ጭኖ ይወጣል፣ ገብስና የበግ ቆዳ ጭኖ ይወርዳል። አባቱና አባቴ ወዳጆች ነበሩ። ገና ከሩቅ ሲያየኝ ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣ።

"ጸሐፌ ትእዛዝ ዘደመና እንደምን ሰነበቱ? ዛሬስ የትኛው ደመና አቤት አለ?"

መንገደኛው ሁሉ ሣቀብኝ። እኔም ሣቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

እታለም ፈንታነሽ ደህና ናት አለኝ። ታላቅ እህቴ ናት፤ ጉና ወገብ ላይ ተድራ ትኖራለች። ባሏ አያ ካሳሁን ዱር ቤቴ ካለ ዓመት አለፈው። አንዳንድ ቀን በጭጋግ ተሸፍኖ ቤቱ ብቅ ይላል፤ ጭጋጉ ሳይነሣ ይሄዳል። አውሮፕላን በጭጋግ አይመጣማ። እዚያ ላይ ቤት የሚሠራውም፣ ለቅሶ የሚደረሰውም፣ ሽምግልና የሚቀመጠውም ጉና ጋቢዋን እስካልጣለች ድረስ ነው አሉ። አማቷ አያ በላይነህ ግን ታመዋል።

ልንለያይ ስንል ዑመር ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ይኼ ጉናን ማየትህ... ለማን ነው?"

"ለሳይንስ" አልኩት።

"ሳይንስ የማን ወገን ነው?"

ሣቅሁ። እሱ ግን አልሣቀም።

መስከረም 30፣ ሰኞ

አያ በላይነህ ቅዳሜ ዕለት ዐረፉ። እማዬ ጉልበቷ ዳገት እንቢ አላት፤ እዚሁ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰችላቸው። እኔም ፈቃድ ጠይቄ ተከለከልኩ።

ልጅ ሳለሁ እታለምን ልጠይቅ ስወጣ ለምዳቸውን አውልቀው ያለብሱኝ ነበር። የከተማ ልጅ ብርድ አያውቅም እያሉ... ራሳቸው ግን በእጀ ጠባብ ብቻ እየተንቀጠቀጡ እሳት ዳር ይቀመጡ ነበር። "በረደዎ እንዴ?" ስላቸው "ኧረ እየሞቀኝ ነው የምንቀጠቀጠው" ይሉኝ ነበር።

ነፍስ ይማር። ፀሐይ ዛሬ በአምስት ሰዓት ከጭጋጉ ወጣች። ነጥቧን ተከልኳት።

ጥቅምት 3፣ ሐሙስ

ዛሬ የገባኝ ነገር ድሮም ገብቶኝ ነበር? አላውቅም። ምናልባት እንዲገባኝ አልፈለግሁም።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጉና ተገለጠች። "ተገልጣለች" ብዬ ጻፍኩ። ብሩኖ ወረቀቱን ይዞ የራዲዮ ክፍል ገባ። ሌላ ጊዜ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ ዛሬ ግን ቴርሞሜትሩን ላጸዳ ቆየሁ። ከጎንደር በኩል ድምፅ መጣ። ሁለት አውሮፕላኖች ናቸው። ከራሳችን በላይ አልፈው ቀጥ ብለው ወደ ጉና።

ብሩኖን ጠየቅሁት። ለምን ጉናን ብቻ? ሌላ ተራራ ሞልቶ የለ? ሻዩን እየቀዳ "ሌላው ተራራ ላይ ማንም አልሸፈተብንም" አለኝ። እንዲሁ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ታዲያ ለማየትማ እሱም ዓይን አለው፤ እኔ ምን አደርግለታለሁ? ይኼንንም ጠየቅሁት። መስመሩን አሳየኝ። ዓይን የዛሬን ያያል፣ ይኼ ግን የነገን ያያል አለ። ጎንደር ያሉት አብራሪዎች በስንት ሰዓት እንደሚነሡ ከመስመሩ ያሰላሉ።

ከመስመሬ።

ጥቅምት 5፣ ቅዳሜ

ልተወው? ዑመርን አማከርኩት። "አሁን ብትተወው ለምን ተወው ይላሉ፤ ለምን ተወው ካሉ ጎታውን ይፈትሻሉ" አለ። ከዚያ ደግሞ፦ "እዚያ ቤት ውስጥ የእኛ ሰው ቢኖርስ ምን ይጎዳል?" አለኝ።

የእኛ ሰው። ይቺ ቃል ቀኑን ሙሉ ስትሞቀኝ ዋለች።

ጥቅምት 14፣ ሰኞ

እንግዳ ጠዋት። ጭጋግ የሚባል የለም። ገና ጎሕ ሲቀድ ጉና ግልጥ ብላለች። ብርዱ ጣት ይቆርጣል፤ ከክፍሏ ደጅ ባለው ገንዳ ውሃው ላይ ስስ በረዶ ደርቆበታል። ሁለቱንም በየወረቀቱ ጻፍኩ። ነጥቧ ከጓደኞቿ ሁሉ ርቃ እታች ወደቀች። ብቻዋን።

ተሳስቼ ይሆን? ቀኑን አዛብቼ?

ጥቅምት 21፣ ሰኞ

የወሩን ንጹሕ ቅጂ ሠራሁ። በመስከረም ከነበረው አምስት ሰዓት ተነሥቶ ቀስ እያለ የሚወርድ መስመር። ክረምቱ ሲርቅ ጭጋጉ በየቀኑ ትንሽ ቀደም እያለ ይነሣል። እንዴት ያምራል... ያቺ የጥቅምት 14 ነጥብ ብቻ ባትኖር። በነጭ ነጠላ ላይ እንደ ፈሰሰ ወጥ።

ብሩኖም አያት፤ ፊቱን ኮሶ አስመሰለ። ለአንዲት ነጥብ ብለህ መስመር የምታጣምም ከሆነ መሐንዲስ አትሆንም አለኝ። ተመልካቹ እንቅልፍ ይዞት ይሆናል አለ። ተመልካቹ እኔ ነኝ። እንቅልፍ አልያዘኝም ነበር። ታዲያ ለምን አልነገርኩትም?

ላጲሱን አነሣሁና አጠፋኋት። ወረቀቱን እፍ አልኩት።

ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ጎንደር ካሉት ተመልካቾች ሁሉ ይበልጣል አለ። ወደ ቤቴ ስወርድ እያፏጨሁ ነበር።

ጥቅምት 25፣ ዓርብ

ዑመር መልእክት ይዞ መጣ። ከአያ ካሳሁን ነው።

የአባቱ አርባ ኅዳር 8 ይውላል። ተዝካሩን እንዴት ያውጣ? ማታ እንዳያደርገው እሳቱ እዚህ ምሽግ ድረስ ይታያል። እታለም የምትለው በየቤቱ ተከፋፍሎ ይበላ ነው፤ ሦስት ሰው እዚህ፣ ሦስት ሰው እዚያ፣ ዳስ የሚባል ሳይጣል። አያ ካሳሁን እንቢ ብሏል። ዑመር ቃሉን እንዳለ ነገረኝ፦ "አባቴ ሰው ሰብስበው ያበሉ ሰው ናቸው። እንደ ሌባ እያንሾካሾክሁ አላስታውሳቸውም።"

ባልና ሚስት በዚህ ተጣልተው ሰንብተዋል። በመጨረሻ አያ ካሳሁን "ዘውዱን እንጠይቀው፤ የተማረ ነው፤ ጉናን የሚያይ እሱ ነው" አለ። የዚያን ቀን ጭጋጉ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል?

እኔን ጠየቁኝ። ልቤ እንዴት እንደዘለለ እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? ባንዳ እያሉ በጎን የሚያዩኝ ሰዎች ይኼን ቢሰሙ።

ግድግዳው ላይ ያለውን መስመር በልቤ ይዤ ወደ ፊት ቀጠልኩት። ኅዳር 8... ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይነሣል። ጥቂት ጠንቀቅ ብዬ ሦስት አልኩ። ጎሕ ሲቀድ ይጀምሩ፣ ፍትሐቱ ይድረስ፣ ይብሉ፣ በሦስት ሰዓት ይበተኑ። እስከዚያ ጉና ጋቢዋን አትጥልም።

ግን በጭጋግ ውስጥ ሦስት ሰዓትን በምን ያውቁታል? ጥላ የለ። የኪስ ሰዓቴን አወጣሁ። ከተማሪ ቤት ስመረቅ የተሸለምኩት ነው። ለዑመር ሰጠሁት። አሞላሉን አሳየሁት። እሱም እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ታቀፈው።

ለጠላት የሠራሁትን መስመር ለወገኔ አዋልኩት። ዛሬ ሰው ሆንኩ።

ጥቅምት 29፣ ማክሰኞ

ዑመር ተመለሰ። አያ ካሳሁን ሰዓቱን አገላብጦ አይቶ በጣም ደስ አለው። ቁጥሩን ስለማያነብ ከጧፍ ላይ ሰም ቆንጥሮ ሦስት ሰዓት የሚውልበት ቦታ ላይ፣ ከመስታወቱ ግራ በኩል፣ እንደ ምስር ፍሬ ለጠፈበት። ትንሿ እጅ እዚች ሰም ሥር ስትገባ ሁሉም ይበተናል ብሎ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየ። እታለምንም ማታ ማታ እንዴት እንደሚሞላ አስተማራት፤ እሱ ዱር ሲመለስ እንዳይሞትባት።

"እሷስ ምን አለች?" አልኩት።

"አንድ ነገር ብቻ። 'ዘውዱ እርግጠኛ ነው?' ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቴ ጠየቀችኝ።"

"እርግጠኛ ነው በላት።"

"ብያታለሁ" አለ ዑመር። "ዳስ ሊጥሉ እንጨት እየቆረጡ ነው።"

ኅዳር 4፣ እሑድ

ሳምንቱን ሙሉ ጭጋጉ በመስመሩ ላይ ነው። እንደ ታዛዥ በቅሎ። ትናንት ከሦስት ተኩል ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ዛሬም ከሦስት ተኩል ትንሽ አለፍ ብሎ። ነጥብ በተከልኩ ቁጥር ለእታለም መልስ የምሰጣት ይመስለኛል።

ኅዳር 7፣ ረቡዕ

እማዬ ለተዝካሩ በሶና የተፈተገ ገብስ ልካለች። ዑመር ሊሄድ ነበር፤ አንዷ በቅሎው ስላነከሰች ዕቃውን ለሌላ መንገደኛ ሰጥቶ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ዞረ። ከምሥራቅ ነው። ደረቅ ነው፤ ከንፈር ይሰነጥቃል። እማዬ "ዛሬ ውርጭ ሊጥል ነው፤ ጎመኑን ሸፍንልኝ" አለችኝ። ሸፈንኩላት።

አንድ ነገር ከልቤ ሥር እየጫረ ነው... ምንድነው? መስመሩ ትክክል ነው። አርባ ነጥብ አለው። ትክክል ነው።

ኅዳር 8፣ ሐሙስ

ጭጋግ የለም።

ኅዳር 9፣ ዓርብ

ትናንትን ልጻፈው። ካልጻፍኩት ሌላ ቀን የሚከተለው አይመስለኝም።

ከቤት ስወጣ ሣሩ ነጭ ነበር። ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል። ጉብታው ላይ ደርሼ ቴርሞሜትሩን አነበብኩ። እንዲህ ወርዶ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ቀና አልኩ። ጉና ከአናቷ እስከ እግሯ፣ ሸንተረሯ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ክር የምታህል ጭጋግ የለችም።

እዚያ ማዶ ሰው በዳስ ውስጥ ተሰብስቧል። በእኔ ቃል።

ሮጬ አልደርስ፤ የአንድ ቀን መንገድ ነው። እሳት ባነድ ማን ምን ብሎ ያነበዋል? እጄ እርሳሱን አነሣና "ተሸፍናለች" ብሎ ጻፈ። በሕይወቴ ሐሰት ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ብሩኖ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ። ፊቱን ሳያብስ ቆሞ ጉናን አየ። ወረቀቴን አየ። "ዓይንህን አሞሃል?" አለኝ። በቁጣ አይደለም። የእውነት ያሳሰበው ይመስል ነበር። የጻፍኩትን በአንድ ጭረት ሰርዞ ከጎኑ በራሱ ቋንቋ ጻፈና ወደ ራዲዮው ሄደ። ውሃው ከጉንጩ እየተንጠባጠበ።

አውሮፕላኖቹ አልዘገዩም። በላያችን አለፉ። እኔ ጉብታው ላይ ቆሜ ነበር። ድምፁ ከብልጭታው ዘግይቶ ነው የሚደርሰው... ተማሪ ቤት ተምረነዋል። ብልጭታውን አይቼ ድምፁ እስኪመጣ ድረስ እየጠበቅሁ፣ ምናልባት አይመጣም እላለሁ። ይመጣል። ጢሱ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ቀትር ላይ ጉብታውን ለቀቅሁ። ቴርሞሜትሩን ከሚስማሩ አውርጄ፣ ወረቀቶቼን አጣጥፌ፣ ጋቢዬ ውስጥ ከትቼ ወረድኩ። እማዬ ፊቴን አይታ ስንቅ ቋጠረች። እሷ ዛሬ ሲመሽ ፎገራ ወዳለችው የወንድሟ ልጅ ዘንድ ትሄዳለች፤ እኔ ከዑመር ጋር ወደ ጉና።

ኅዳር 12፣ ሰኞ

ጉና።

አያ ካሳሁን ከአባቱ ጎን ተቀብሯል። የአባቱ መቃብር አፈር ገና አልጠነከረም ነበር አሉ፤ ለመቆፈር አላስቸገረም። ሌሎችም አሉ። ዳሱ ከነቅጠሉ ተቃጥሎ ምሰሶዎቹ ቆመዋል። ሰው በቅርብ ያልፋል፣ ያየኛል፣ አይሰድበኝም። ቢሰድቡኝ ምን ነበር?

እታለም በሕይወት ያለችው ውሃ ልትቀዳ ወደ ምንጩ ስለወረደች ነው። ፀጉሯን ተላጭታለች። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ልጠጋ፣ ልቁም... ዑመር ከበስተኋላዬ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

ከጉያዋ ሰዓቱን አወጣች። መስታወቱን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ሰሟ አለች።

"ትንሿ እጅ ገና ታች ነበረች" አለች።

ወደ ቤት ገባች። በሩን አልዘጋችውም፤ ግባም አላለችኝም።

ኅዳር 17፣ ቅዳሜ

ያረፍኩት በደብሩ ቄስ፣ በአባ ሞላ ቤት ነው። ሁለቱን ወረቀቶች አንጥፌ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የጭጋጉን እና የብርዱን። ለሁለት ወር በሁለት ወረቀት ስጽፋቸው አንድም ቀን አብሬ አላየኋቸውም። ብሩኖ የጠየቀኝ የጭጋጉን መስመር ነው፤ የብርዱን ማንም አልጠየቀኝም። ያልተጠየቅሁትን አላየሁም።

አሁን ከሰል ወስጄ በወረቀቱ ጀርባ አዲስ ሠራሁ። ብርዱ ወደ ጎን፣ ጭጋጉ የተነሣበት ሰዓት ወደ ላይ። ውሃ የሚያረጋ ብርድ ያደረባቸው ሁለት ጠዋቶች አሉ። ጥቅምት 14። ኅዳር 8። ሁለቱም እታች፣ ጎን ለጎን ወደቁ። እንደ እህትማማች።

ያጠፋኋት ነጥብ ስሕተት አልነበረችም። ልትነግረኝ የመጣች ነበረች። የጥቅምት 14ቱ ብርድ በሌላው ወረቀት ላይ በራሴ እጅ ተጽፎ ተቀምጧል። ባላጠፋት ኖሮ "ይቺስ ለምን ወጣች?" ብዬ እጠይቅ ነበር። ብጠይቅ ኖሮ ነፋሱ ሲዞር፣ እማዬ ጎመኑን ሸፍን ስትለኝ... ረቡዕ ከሰዓት ነበር። ዑመርን በጤነኛዋ በቅሎ ብሰደው ሲነጋጋ ይደርስ ነበር።

የመጀመሪያው ሐሰቴ "ተሸፍናለች" ያልኩት አይደለም። እሱ ሁለተኛው ነው።

ኅዳር 24፣ ቅዳሜ

ለሰዎቹ ነገርኳቸው። ከቅዳሴ በኋላ፣ ቆሜ። ማታ ውሃ በገበቴ ደጅ አስቀምጡ፤ ጠዋት ከረጋ የዚያን ቀን አትሰብሰቡ፣ ጭጋግ አይኖርም አልኳቸው። አንድ ሽማግሌ ብቻ፦ "መስመርህ አንድ ጊዜ አብልቶናል፤ ጠግበናል ልጄ" አሉና ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ።

አባ ሞላን ማታ እሳት ዳር ጠየቅኋቸው። ሁለት ነጥብ ይዤ እውነት ነው ማለት እችላለሁ? ባለፈውማ አርባ ይዤ ነው የተሳሳትኩት። ያሉት ይኼን ነው፦ "እኔ እንኳ ብቻዬን አልቀድስም። ተሰጥኦውን የሚመልስ ሕዝብ ከሌለ ቅዳሴው አይሄድም።"

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። እኔ አንድ ሰው፣ አንድ ጉብታ ላይ ቆሜ፣ አንድ ተራራ አይቼ... ሌላው ከደጁ ምን እንደሚያይ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ኅዳር 28፣ ረቡዕ

ጠዋት ውሃው ረግቶ ነበር። ጭጋግ አልነበረም። ሦስተኛ ነጥብ። አውሮፕላኖቹ መጡ፤ ዞረው ዞረው ሄዱ። ማንም አልተሰበሰበም ነበር። ፈርተው ነው ወይስ ሰምተውኝ? ወደ አባ ሞላ ቤት ስመለስ በሁለት ቤት ደጃፍ ገበቴ አየሁ። በዚያ ሽማግሌ ደጃፍም አንዲት አሮጌ ገበቴ አለች። ላይዋ ላይ በረዶው አልተሰበረም።

ደስ አላለኝም። አንድ ወር ቀድሞ ቢሆን ብዬ ብቻ... አልቅሼ ዋልኩ።

ታኅሣሥ 3፣ ሰኞ

ዑመር ጨው አራግፎ ሊመለስ ነው። ከእኔ ጋር ውረድ አላለኝም፤ ምሽጉ ሰው እያስጠየቀ ነው፣ ቴርሞሜትር ጠፋ ብሎ። "ጸሐፌ ትእዛዝ" አላለኝም በዚህ ጊዜ። "ዘውዱ" አለኝ። ስሜን ሲጠራ ከስድብ ይልቅ አመመኝ።

እታለም ዛሬም አላናገረችኝም። ቆሎ ግን በሰፌድ አቀረበችልኝ፤ ካጠገቤ አስቀምጣ ሄደች። ጎንበስ ስትል ሰማሁት። ሰዓቱን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች፣ ይመታል። ቆሟል ብዬ ነበር። ማታ ማታ አያ ካሳሁን እንዳሳያት ትሞላዋለች። ለማን? እሱ ዱር ሲመለስ እንዳይሞትባት ብሎ ነበር ያስተማራት።

ሰሟ እንዳለች አለች። ልላጣት ብዬ አልጠይቃትም። ትክክለኛ ቦታዋ ላይ ናት፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

አዲሱ ወረቀት ላይ አሁን ሰዓቱን በጥላ የለካሁት ጥቂት ነጥብ አለ። አንዳቸውም አልተፋቁም፤ ላጲሱን ገደል ከወረወርኩት ሳምንት ሆነኝ። ግን ሁሉም የእኔ ዓይን ብቻ ናቸው። ከአባ ሞላ ቤት የሚታየው የላይኛው ወገብ ነው። የታችኛው ሜዳ፣ ያ ዳሱ የነበረበት፣ የሚታየው ከእሷ ደጅ ብቻ ነው።

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። የምላትን እዚህ ልለማመደው፣ እዚያ ስደርስ አፌ ይያዛልና።

እታለም፣ ይቅር በይኝ ልል አልመጣሁም። ሁለቴ ጠይቀሽኝ ነበር፤ ሁለቴም ሳላይ መለስኩልሽ። አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ሲነጋ ከደጅሽ ሜዳውን እይልኝ። ጭጋጉ ሲነሣ ትንሿ እጅ የት እንደደረሰች ንገሪኝ። የነገርሽኝን ሁሉ እተክለዋለሁ፤ ከመስመር ብትወጣም እተክላታለሁ። እኔን ማናገሩ ከከበደሽ ቃል አታውጪ። መስታወቱ ላይ በጣትሽ አሳዪኝ።